ከዚራ ያለው የሐዋላ መስኮት፦ ከ5 ኮከብ 2

ባንኩን በስሙ አልጠራም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው በሉት። ከማዘር ጋር ወንድሜ የሚልከውን ብር ለመቀበል እየተመላለስን ነው፤ ለመፍረድ የሚበቃኝን ያህል ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

ከጥሩው ልጀምር። ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል። ወንድሜ ከጅዳ በኢሞ ደውሎ «ተልኳል፣ ቁጥሩን ጻፉ» ካለ ብሩ እዚህ ገብቷል ማለት ነው። ምንዛሪውም እንደ ድሮው አያናድድም። እስከ ሐምሌ 2016 ባንክ 1 ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይሰጥ ነበር፣ ታዲያ ማን ነው ባንክ የሚሰለፈው? እኛም ከአንድ ሱቅ ነበር የምንቀበለው። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ልዩነቱ ጠበበና ወደ መስኮቱ መጣን።

መስኮቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ላኪው ማነው?» ነው። እናቴ የልጇን ስም ከነአያቱ ትጠራለች። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ታያለች። «አይደለም እማማ።» እናቴ ያልተሰማ መስሏት ጮክ ብላ ትደግመዋለች። «ሌላ ስም ነው የሚለው እማማ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከሌለህ በራስህ ስም መላክ አትችልም። ወንድሜ ኢቃማ የለውም፤ በጀልባና በእግሩ የገባ ሰው ከየት ያመጣል? ስለዚህ ኢቃማ ያለው የሥራ ጓደኛው በስሙ ይልክለታል። መጀመሪያ አንድ ባንግላዴሻዊ ነበር፣ አሁን ፓኪስታናዊ ነው። እናቴ ደግሞ ስሙ አፏ ላይ አይገባላትም። ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ብሩ አይወጣም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ እንደኛ ያለ ሰው ሞልቷል፤ ግን ይህቺን ነገር ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ የለም። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቆ «ስሙን አጣርታችሁ ኑ» መባል፣ በድሬ ሙቀት፣ ቀልድ አይደለም አቦ። ማራገቢያው የሚነፍሰው ወደ ሠራተኞቹ ብቻ ነው። «ሲስተም የለም» የሚባልበትን ቀን አልቆጥረውም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው ሌላ ነው።

ወንድሜ በ2014 ሲወጣ 19 ዓመቱ ነበር። በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ገባ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። የድሬ ልጅ ብቻ አይደለም በዚህ የሚሄደው፤ ከሐረርጌ ገጠርም ከወሎም የሚመጣው እዚሁ በኛ ከተማ ያልፋል። አባቴ ከሞተ በኋላ የቤት ኪራዩን እሱ ልክፈል ብሎ ነው። የመን እንደወረዱ ያገቷቸው ሰዎች ደወሉልን፣ እየደበደቡት ድምፁን ለእናቴ አሰሟት፣ ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላኩ። የየመን ሒሳብ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አገር የተከፈተ፣ የኢትዮጵያዊ ስም ያለበት። የእናቴን ወርቅ ሸጠን፣ ከአክስቴ ተበድረን፣ ማስለቀቂያውን ያስገባነው በዚሁ ቅርንጫፍ ነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ይሄ ሰው ማነው፣ ምናችሁ ነው ብሎ የጠየቀን የለም። «ደረሰኝ እንዳይረሳ» ብቻ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የሳዑዲ ድንበር አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል አለ። ሳዑዲ አስተባብላለች። ወንድሜ የተሻገረው በዚያው መሀል ነው። ሳነበው እሱ ጅዳ ገብቶ ነበር፣ ቢሆንም ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስጠይቀው «ተይው» ይለኝና ስለ ኔትወርክ ማውራት ይጀምራል።

ለምትሄዱ፦ ላኪው የደረሰኙን ፎቶ በኢሞ ይላክላችሁ። ሚስጥር ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፣ የላኪውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳለ ገልብጣችሁ ያዙ። የራሳችሁም ስም ፋይዳ ላይ እንዳለው መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አንዲት ሴትዮ በአንድ ፊደል ሁለት ቀን ስትመላለስ አይቻለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ድረሱ። ከኢድ በፊት ያለውን ሳምንት ተዉት። ውኃ ያዙ።

ሁለቱ ኮከብ አንዱ ለጥበቃው ነው፣ አሮጊቶቹን ጥላ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሌላው ለዚያች መስኮት ላይ ላለችው ልጅ። ማንም ሳያዛት የፓኪስታናዊውን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፋ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከወንድሜ ፎቶ ጋር ይዛት ትዞራለች። ባለፈው ወር ሌላ ሠራተኛ ነበር የደረሰን። እናቴ ስሙን ቀስ እያለች አነበበችለት።

«ላኪው ምንዎ ነው እማማ?»

«ልጄ ነው» አለች።

ስሙን አየ፣ እሷን አየ፣ ማህተሙን መታ።