ባለመብራቱ የጣሪያ ፋን፦ ከ14 ወር በኋላ

ይህን ፋን ሳሎን ውስጥ ከሰቀልነው 14 ወር ሆነው። ባለ 5 ክንፍ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 132 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሳጥኑ ላይ 52 ኢንች የተባለው ማለት ነው። ከሥሩ 3 አምፖሎች አሉት። ሁለት ሰንሰለት ይንጠለጠልበታል፤ አንዱ ለፋኑ፣ አንዱ ለመብራቱ። ሪሞት የለውም።

ከወዲሁ ልናገር፤ ወድጄዋለሁ። ሞተሩ እስከ ዛሬ አላስቸገረኝም። ያስቸገሩኝ በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ብልሽት መጀመሪያ ሲታይ «በቃ፣ ሞተሩ ሄደ» የሚያሰኝ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ስለ ነፋሱ ሳይሆን ስለ ጥገናው በርከት አድርጌ የምጽፈው።

የነፋሱን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ፋን ክፍል አያቀዘቅዝም። ቴርሞሜትር አስቀምጬ አይቻለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። የሚቀዘቅዘው ሰውነታችን ነው፤ ነፋሱ ላብን ስለሚያደርቅልን። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ማሽከርከር ታዲያ ኤሌክትሪክ ማባከን ነው። በመካከለኛው ፍጥነት ድምፁ አይሰማም፤ በከፍተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ይበትናል። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ ማንሸራተቻ አቅጣጫውን ትቀይራለች። ከሥሩ ቆማችሁ ነፋሱ ፊታችሁ ላይ ካልመጣ አየሩን ወደ ላይ እየሳበ ነው። ቀይሯት፤ ግን ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ሲቆሙ ብቻ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሞተሩ «እምምም» ይል ነበር፤ በተለይ ቀስ ብሎ ሲዞር። ጥፋቱ የፋኑ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የነበረው ለቀድሞው መብራት የተገጠመ ዲመር፣ ማለትም ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ፣ ነው። ለአምፖል የተሠራ ዲመር ለፋን ሞተር አይሆንም። ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚያሳልፍ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ሲቆይም ሊቃጠል ይችላል። በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ቀየርኩት፤ ጩኸቱ በዚያው ቀን ጠፋ። አዲስ ፋን ገዝቶ «ይጮኻል» የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን ይመልከት እላለሁ።

ሦስተኛው ወር ላይ መወዛወዝ መጣ። መጀመሪያ የሰማሁት ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲጋጩ ነው። ቀና ስል ፋኑ ከነዘንጉ ይወዛወዛል። ቤተሰቡ ሁሉ ከሥሩ መቀመጥ ተወ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ክንፎቹ ይሮጣል። እኔ ግን ከላይ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚያስፈራው ቦታ እሱ ስለሆነ። ከቤቱ የኤሌክትሪክ ሳጥን መስመሩን የሚያቋርጠውን ብሬከር አጠፋሁ። የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ ማመን አይገባም፤ መስመሩ ተገላብጦ የተዘረጋ ከሆነ ማጥፊያው ተዘግቶም ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይኖራል። ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አረጋግጬ ጣሪያው ሥር ያለውን ቆብ ዝቅ አደረግሁት። የዘንጉ ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። ኳሱ ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ማንጠልጠያው ብረት ላይ ካለችው ጥርስ ጋር መግጠም አለበት። ገጥሟል። ብረቱን የያዙት ብሎኖችም ጥብቅ ናቸው። እንግዲህ አሁን ወደ ክንፎቹ።

ከታች ሲታዩ ንጹሕ ናቸው። ከላይ ግን አየሩን በሚቀድመው ጠርዝ ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። የአንዱ ክንፍ አቧራ ከሌላው ከበለጠ ክብደታቸው ይለያያል፤ ይህ ብቻውን ፋን ያወዛውዛል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አደረቅኳቸው። ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ለእያንዳንዱ ክንፍ 5 ብሎን፣ በድምሩ 25። ሰባቱ ላልተዋል። ማጥበቅ ሲባል ደግሞ እስኪያቃስት አይደለም፤ ክንፉ የተጨመቀ እንጨት ስለሆነ ቀዳዳው ከተበላ ብሎኑ ዳግመኛ አይዝም።

መወዛወዙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ማስመሪያ አመጣሁ። ማስመሪያውን ጣሪያው ላይ አቁሜ፣ ክንፎቹን በእጄ ተራ በተራ ወደዚያው ቦታ እያመጣሁ ከጣሪያው እስከ ጫፋቸው ለካሁ። አራቱ 31 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። አምስተኛው 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ግድ የለም፤ 8 ግን ብዙ ነው። ክንፉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ገፋሁት። ለካሁ። ትንሽ ጨመርኩ። እንደገና ለካሁ። ሦስተኛው ላይ ተስተካከለ።

ለቀረችው ትንሽ ንዝረት ከፋኑ ጋር በላስቲክ የመጣችው የፕላስቲክ መቆንጠጫ ነበረች። ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ስለማያውቅ ይጥላታል፤ አትጣሏት። አንድ ክንፍ መሃል ላይ ትሰካና ፋኑን ታዞራለህ። ካልተሻለ ወደሚቀጥለው ክንፍ ታዛውራለህ። የሚሻልበትን ክንፍ ስታገኝ፣ መቆንጠጫዋን ወደ ጫፍና ወደ ውስጥ እያንሸራተትክ ጸጥ የሚልበትን ቦታ ትፈልጋለህ። እዚያው ላይ፣ በክንፉ ጀርባ፣ አብራ የመጣችውን ተለጣፊ ብረት ትለጥፋለህ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አልተወዛወዘም።

መብራቱ አምስተኛው ወር ላይ መርገብገብ ጀመረ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ። አዲስ አምፖል ከመግዛት በፊት አጠገቡ ካለው ጋር አቀያየርኳቸው። ደህናው አምፖል እዚያ ቦታ ሲገባ እሱም ተርገበገበ፤ ጥፋቱ የፖርታላምፓው ነው ማለት ነው። ብሬከሩ ጠፍቶ ውስጡን በባትሪ ሳየው፣ መሃል ያለችው የናስ ምላስ ወደ ውስጥ ተጋድማለች። አምፖሉ ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንዲህ ትሆናለች። በቀጭን እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብድግ አደረግኋት። አምፖሉን እስኪይዝ ብቻ አጠበቅሁት። አበቃ። ፋኑ ሲወዛወዝ አምፖሎች ራሳቸውም ይላላሉ፤ የሚርገበገብ መብራትና የሚወዛወዝ ፋን ብዙ ጊዜ አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና 11ኛው ወር ላይ ነበር። ፋኑ ቀስ እያለ ሄደ። ከፍተኛው ፍጥነት እንደ ድሮው መካከለኛ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ሰንሰለቱን ብስበው እም አለ እንጂ አልዞረም። «ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» የሚል ምክር ከሁሉም አቅጣጫ መጣ።

ብሬከሩን አጥፍቼ ክንፉን በጣቴ ገፋሁት። ያለ ድምፅ፣ ያለ መሰናክል ብዙ ዙር ዞረ። ሞተሩ በልስላሴ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ ደህና ነው። ብሬከሩን መልሼ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አደረግሁት። ተነሥቶ ዞረ። ካቆምኩት በኋላ በተቃራኒው ስገፋው ደግሞ በተቃራኒው ዞረ። ይህ የካፓሲተር ምልክት ነው። ሞተሩን የሚያስነሣውና ወዴት እንደሚዞር የሚነግረው ካፓሲተሩ ነው፤ እሱ ሲደክም ሞተሩ የሰው እጅ ይጠብቃል።

ማጥፊያዎቹ ያሉበትን የታችኛውን ክዳን ስፈታ አገኘሁት። የክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ሣጥን፣ ብዙ ሽቦ ያላት። አንደኛው ጎኗ አብጧል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ከጠፋ በኋላም ኃይል ሊይዝ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ቆየሁ፤ ቮልቱን በቴስተር ለክቼ ዜሮ መሆኑን ሳላይ ጫፎቹን አልነካሁም። ከዚያ ሽቦዎቹን ፎቶ አነሣሁ። አዲሱ ሲገዛ ጎኑ ላይ የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር (የካፓሲተሩ አቅም የሚለካበት) በትክክል አንድ መሆን አለበት፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ችግር የለውም። ሽቦዎቹን ሁሉ አንድ ላይ አልቆረጥኩም። አንዱን ፈትቶ አንዱን መግጠም፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፋኑ ሲነሣ የመጀመሪያውን ቀን ነፋስ መልሶ ሰጠን። ከቴስተርና ከሽቦ ጋር ትውውቅ ለሌለው ሰው ግን ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስጠት ይሻላል።

ለመኝታ ቤትም ሁለተኛ ፋን ልንገዛ ነው። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ማለታቸውን አረጋግጫለሁ። አምፖሉ የሚፈታ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ኤልኢዲው ከአካሉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ከሆነ፣ መብራቱ ሲሞት ያንኑ ሞዴል መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ይመጣል።

በሳሎኑ ፋን ላይ አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የመብራቱ ሰንሰለት ሲጎተት እየከበደ መጥቷል፤ አንዳንዴም «ቀጭ» ሳይል ይመለሳል። ውስጡ ያለው ማጥፊያ እየተበላ ነው። ክዳኑን ለካፓሲተሩ በከፈትኩ ጊዜ ይህንንም ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ የሽቦው ብዛትና በላዩ የተጻፈው ቁጥር ስልኬ ውስጥ አሉ። ተመሳሳዩን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።