ኤክሴል፣ ፓይተን ወይስ ማትላብ? ለላብራቶሪ ዳታ የሚመቸው የቱ ነው?

ሶፍትዌር ሲመረጥ ሁሉም የሚጠይቀው «ምን ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ስሳሳት ይነግረኛል ወይስ ዝም ብሎኝ ያልፋል የሚለውን ነው።

እስቲ በቁጥር በተሞላ ዓምድ ውስጥ አንዷን ዜሮ አጥፍታችሁ የእንግሊዝኛውን «ኦ» ፊደል ጻፉ። ሲጣደፉ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከዚያ አማካዩን አስሉ።

ኤክሴል ያቺን ሕዋስ እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ይዘላታል፤ የቀሩትን አስልቶ ያማረ ቁጥር ይሰጣችኋል። ማንም አይነቃም። ለመጀመር ግን እሱን የሚያህል የለም፤ ከፍቶ መጻፍ ብቻ ነው። ሌላው ጣጣው ሳይጠሩት መርዳቱ ነው። «ሴፕት2» የተባለውን የዘረመል ስም ስትጽፉለት ቀን ያደርገዋል። ነገሩ መረር ሲል በ2020 የሰው ዘረመል ስም አውጪ ኮሚቴ ስሙን «ሴፕቲን2» አለው። ሳይንሱ ለሶፍትዌሩ ተሸነፈ ማለት ነው! ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ማጥፊያ ያመጣው በ2023 ነው። በዚያው በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ውጤቶች ከሪፖርት ቀርተው ነበር፤ የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝማ።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓንዳስ በሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ)፣ ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ያነበዋል፤ አማካይ ሲጠየቅ በረጅም የስህተት መልእክት ይጮኻል። አትደንግጡ፣ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አንብቡ። ነጻ ነው፤ ግን ላይብረሪዎቹን ኢንስቶል ማድረግና ቨርዥናቸውን ማስማማት ያታክታል። ጁፒተር ላይ፣ ማለትም ኮድ ሴል በሚባሉ ሳጥኖች ተከፋፍሎ በሚጻፍበት ማስታወሻ ላይ፣ የምትሠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ የሰረዛችሁት ሴል የፈጠረው ተለዋዋጭ ሜሞሪ ውስጥ ይቆያል። ለሰው ከመላካችሁ በፊት ሪስታርት አድርጋችሁ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አስኪዱት።

ማትላብ የተባለው የሚሸጥ የስሌት ሶፍትዌር ያቺን ቦታ «ቁጥር አይደለም» ብሎ ይመዘግባል፤ አማካዩም እንደዚያው ይወጣል። ወዲያው ትነቃላችሁ። የእገዛ ገጾቹ ምሳሌ ስላላቸው ቀድቶ መሞከር ይቻላል። ሲሙሊንክ (ከማትላብ ጋር የሚሠራ፣ ሥርዓቶችን በሥዕል ገንብቶ መሞከሪያ) የግድ ለሚያስፈልገው የኮንትሮል ኢንጂነር ሌላ አማራጭ ባላደክመው ይሻላል። ለተራ የዳታ ትንተና ግን ፓይተን ይበቃል ባይ ነኝ።

ማትላብ የምትገዙ ከሆነ ቱልቦክሶቹ፣ ማለትም ተጨማሪ ጥቅሎቹ፣ ለየብቻ እንደሚሸጡ አትርሱ። የምትፈልጓቸውን ዘርዝራችሁ ድምሩን ጠይቁ። ኮዳችሁን የሚቀበለው ባልደረባም ላይሰንስ ያስፈልገዋል፤ ማትላብን የሚመስለው ኦክታቭ ነጻ ቢሆንም ሲሙሊንክን አይከፍትም።