ጅማ ገብታችሁ የቤት ኢንተርኔት የምትፈልጉ፣ «ዝግጁ መስመር አለ» ከሚላችሁ ሰው ተጠንቀቁ

ከውጭ አገር ጠቅልላችሁ ጅማ የምትገቡ ሰዎች፣ ይሄን አንብቡልኝ። ከአዲስ አበባ ለሥራ የተዛወራችሁም ብትሆኑ ያው ነው። ቤት ተከራይታችሁ ገና ሻንጣ ሳትፈቱ «ዋይፋይ ዝግጁ ነው፣ የቤት ስልክም አለው፣ ዛሬውኑ ይሰራል» የሚል ሰው ይመጣል። ብር አትስጡት። ቢያንስ ይሄን ሳትጨርሱ አትስጡት።

ነገሩ የደረሰው በእህቴና በባለቤቷ ላይ ነው። ከሚኒሶታ ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ቆጪ አካባቢ ግቢው የሚያምር ቤት ተከራዩ። ባሏ ሥራው በኢንተርኔት ነው። እዚያ ሲነጋ እዚህ ስለሚመሽ፣ ማታ ማታ በቪዲዮ ስብሰባ ይገባል። ስለዚህ አልጋና ምድጃ ሳይገዛ ስለ መስመር ነው መጠየቅ የጀመረው። ይቺን ችኮላ ደላላው ወዲያው አሸተታት።

ቤቱን ያከራያቸው ደላላ ሞባይልና ራውተር ከሚሸጥ አንድ ሰው ጋር አገናኛቸው። ሰውየው ያላቸው እንዲህ ነው። ቤቱ ውስጥ የድሮ ተከራይ ያስገባው የፋይበር መስመር አለ። አዲስ ብትጠይቁ ወረፋ ነው፣ መቼ እንደሚገባላችሁ አይታወቅም። እኔ መስመሩን ከባለቤቱ ገዝቼዋለሁ። 28,000 ብር ስጡኝ፣ ራውተሩም የስልክ ቁጥሩም የእናንተ ይሆናል። ፍጥነቱ 20 ሜጋ ነው። ስሙን በኋላ እናዛውራለን። «እህቴ፣ አንቺ ምን አለፋሽ፣ ሁሉንም እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት። ወርሃዊ ክፍያውን ሳይቀር እሱ እንደሚከፍልላቸው ነገራቸው። እነሱ በየወሩ በቴሌብር ይልኩለታል፣ እሱ ሄዶ ይከፍላል። አይመችም?

በጣም ይመቻል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

የቤት ስልክና የቤት ኢንተርኔት ውል ነው። ቴሌ የሚያውቀው ውሉ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ገንዘቡን ማን ከኪሱ እንዳወጣ አይመለከተውም። ፓኬጅ መቀየር፣ ቤት ስትለቁ መስመሩን ወደ አዲሱ ቤት ማዛወር፣ ሂሳብ መጠየቅ፣ ሁሉም የባለስሙ ጉዳይ ነው። ወይ ራሱ ይቀርባል፣ ወይ ውክልና ይሰጣል። «በኋላ እናዛውራለን» ማለት እንግዲህ ለማታውቁት ሰው ቤታችሁ ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ መስጠት ነው። መስመር በስም ዝውውር መቀበል በራሱ ምንም ችግር የለውም። ግን ዝውውሩ መጀመሪያ፣ ብሩ በኋላ። ሁለታችሁም አገልግሎት ማዕከሉ መስኮት ፊት ቆማችሁ። ሻጩ «እሱ አሁን ከተማ ውስጥ የለም» ካለ፣ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሰራ። እህቴም ደስ አላት፣ ልጆቹም ካርቱናቸውን አገኙ። ፍጥነቱ ግን ከተባለው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ባሏ ሲለካው ከ5 ሜጋ አያልፍም። ሻጩን ሲጠይቀው «20 ሜጋ እኮ በባይት ነው፣ አንተ በቢት ስለለካኸው ነው» ብሎ አምታታው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ 20 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ፋይል ማውረድ ነው። 20 ሜጋባይት ቢሆን ኖሮ መለኪያው 160 ያሳይ ነበር። ፓኬጁ መጀመሪያውኑ ትንሽ ነበር ማለት ነው። ግን በሌላ ሰው ስም ያለ መስመር ስለሆነ ሄዶ «የኔ ፓኬጅ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንኳ አይችልም።

ከዚያ አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ጠፋ። ሻጩ ተደወለለት። «ለኮሪደር ልማቱ ሲቆፍሩ ገመዱን በጥሰውት ነው፣ ታገሱ» አለ። ጅማ ውስጥ በዚህ ሰሞን ይሄ ምክንያት የሚያሳምን ነው። መንገዱ ሁሉ ተቆፍሯል፣ ገመድም ይበጠሳል። የእህቴ ባል ግን ግድግዳው ላይ ያለችውን የፋይበር ሳጥን ሄዶ አየ። ፋይበር የሚያመጣው ብርሃን ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ብርሃኑ አይደርስም፣ ሳጥኗ ላይ «ሎስ» (LOS) የሚል የተጻፈባት መብራት ቀይ ትበራለች። ቀይ አልነበረም። የመስመሩ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ገመዱ ደህና ነው፣ የተዘጋው ሂሳቡ ነው።

ይቺን ያዙልኝ፣ ለሌላ ጊዜም ትጠቅማችኋለች። ቀይ ካለ ብልሽት አስመዝግቡ፣ ወደ 994 ደውሉ። አረንጓዴ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ መጀመሪያ ሂሳብ ይታይ።

አገልግሎት ማዕከል ሲሄዱ የተነገራቸው የሚጠበቀውን ነው። መስመሩ በእናንተ ስም አይደለም፣ ዝርዝሩን መናገር አንችልም፣ ባለስሙ ይምጣ። እዚያ የነበረችው ልጅ ሕጓን ነው የሰራችው፣ እሷን አልወቅስም። የኔን መስመር ዝርዝር ለመጣ ሰው ሁሉ ብትናገር ደስ አይለኝም። ብቻ ውዝፍ እንዳለበት ገባቸው። በየወሩ ለሻጩ የላኩት ብር የትም አልተከፈለም ነበር። ቴሌብር ላይ ያለው ማስረጃም «ለእገሌ ተላከ» ነው የሚለው። ለሰው ስልክ የተላከ ብር ስጦታም ሊሆን ይችላል፣ የብድር መልስም ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔት ሂሳብ መሆኑን በምን ታሳያላችሁ? ሂሳብ መክፈል ስትፈልጉ እዚያው ቴሌብር ውስጥ የቴሌ ሂሳብ መክፈያ አለ። የአገልግሎት ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። የጅማ የቤት ስልክ ከሆነ በ047 የሚጀምረው ቁጥር ነው። «እኔ እከፍልልሃለሁ» የሚለውን ሰው ምንም ምክንያት ቢያቀርብ አትቀበሉት።

በጣም የገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። መስመሩ በተዘጋ ማግስት ከጎረቤት ግቢ ሁለት ወጣቶች በር አንኳኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ጨዋ ልጆች። «እትዬ፣ ዋይፋዩ መቼ ይመለሳል? የወሩን ከፍለን ነበር እኮ» አሏት። ለማን ከፈላችሁ? ለሻጩ። ሰውየው ራውተሩን ሲያስገባ የማስተዳደሪያ የይለፍ ቃሉን ለራሱ አስቀርቶ፣ ሁለተኛ የዋይፋይ ስም ከፍቶ፣ የእህቴን ኢንተርኔት ለጎረቤት ይቸረችር ነበር። 5 ሜጋዋን እንኳ ለብቻቸው አልተጠቀሙባትም።

ያገለገለ ራውተር ስትቀበሉ ስለዚህ ከኋላው ያለችውን ትንሿን ቀዳዳ በመርፌ ተጭናችሁ ወደ ፋብሪካው ቅንብር መልሱት። ከዚያ የዋይፋዩንም የማስተዳደሪያውንም የይለፍ ቃል ቀይሩ። የፋይበሩን ሳጥን ግን ይሄን አታድርጉት፣ የቴሌ ቅንብሩ ይጠፋና ባለሙያ እስኪመጣ ትቀመጣላችሁ። እሱ ላይ የይለፍ ቃሉን ብቻ ቀይሩ፣ የማታውቁት የዋይፋይ ስም ካለም አጥፉት።

የቤት ኢንተርኔት ያለው ሰው ጋ የሚመጣ ሌላም ዓይነት ነጋዴ አለ። «አንድ ትንሽ ዕቃ ቤታችሁ እናስቀምጥ፣ መብራትና ኢንተርኔት ብቻ ነው የምትፈልገው፣ በየወሩ ኪራይ እንከፍላለን» ይላል። ዕቃዋ ብዙ ሲም ካርድ የምትጎርስ ሳጥን ናት። ከውጭ የሚገባውን የስልክ ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብላ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስላ ታስተላልፋለች። ከአሜሪካ ተደውሎላችሁ ስልካችሁ ላይ በ09 የሚጀምር የማታውቁት ቁጥር መጥቶ አያውቅም? ከእንዲህ ዓይነት ሳጥን የወጣ ሊሆን ይችላል። ይሄ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም እስራት አለበት። በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ካርድ መጠቀምም ጣጣ አለው። «ለአሁኑ በኔ ስም ሲም ላውጣልሽ» የሚል ዘመድ ቢኖርም አመስግናችሁ እለፉት።

ሰዎች ለምን በደላላ እንደሚሄዱ ይገባኛል። ውጭ አገር የኖረ ሰው ኩባንያዎች ተሽቀዳድመው ደጁ ሲመጡለት ነው የለመደው። እዚህ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ በገመድ የሚገባ የቤት መስመር ስትፈልጉ የምትሄዱት ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ወረፋ የሚባለውም ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። በሰፈሩ ያለው የፋይበር ሳጥን ሞልቶ ከሆነ ትጠብቃላችሁ። ግን ጥበቃው ያን ያህል አይገድልም። 4ጂ የሚቀበል በሲም የሚሰራ ራውተር በስማችሁ ባወጣችሁት ሲም ገዝታችሁ ተጠቀሙ። ለቪዲዮ ስብሰባ እንደ ፋይበር አስተማማኝ አይሆንም፣ በተለይ ማታ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲሆን። ሥራ ግን ያሰራል። እህቴም ባሏም አሁን በእሱ ናቸው።

መታወቂያ ደግሞ ሰበብ አይሁናችሁ። ሻጩ «የውጭ ፓስፖርት ስላላችሁ ያስቸግራችኋል» ብሎ ነው ያስፈራራቸው። ፓስፖርት አለ፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለ፣ ብሔራዊ መታወቂያውን ፋይዳንም ማውጣት ይቻላል። የቤት ኪራይ ውላችሁን ጨምራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የጎደለ ካለ ይነግሯችኋል።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ። ደላሎች ማንኛውንም ገመድ ፋይበር ይሉታል። ቀጭን ገመድ ሆኖ ጫፉ አረንጓዴ ሶኬት ከሆነ ፋይበር ነው። የድሮ የስልክ መሰኪያ ብቻ ከሆነ የመዳብ መስመር ነው። በመዳብ የሚመጣ ኢንተርኔት ከማከፋፈያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ መገጣጠሚያው ውሃ ሲገባው ስልኩም መንጫጫት ይጀምራል። ለመዳቡ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት፦ መብራት ሲጠፋ ተራው የቤት ስልክ አይጠፋም፣ ኤሌክትሪኩን ከቴሌ ነው የሚያገኘው። የፋይበር ስልክ ሳጥኑ መብራት ካጣ አብሮ ይጠፋል። ቤታችሁ ውስጥ አረጋውያን ካሉ ለሳጥኑ ትንሽ ባትሪ ግዙለት። አከራያችሁንም ቤቱ ላይ ያለው መስመር በማን ስም እንደሆነና ውዝፍ እንዳለበት ጠይቁ፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ አሳዩኝ በሉ። መስመሩ የአከራዩ ከሆነና መቀጠል ከተስማማችሁ፣ የአገልግሎት ቁጥሩና ማን እንደሚከፍል ኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከአሜሪካ ዕቃ ይዞ መምጣትም አያዋጣም። የእህቴ ባል በሻንጣ ያመጣው ሞደም በቴሌቪዥን ኬብል ለሚገባ ኢንተርኔት የተሰራ ነው። እዚህ የሚሰካበት የለም። የገመድ አልባው የቤት ስልክ ማስቀመጫም ለ120 ቮልት የተሰራ ስለነበር በ220 ሲሰካ ሸተተ፣ አበቃ። ባይቃጠልም ጥሩ አልነበረም። የአሜሪካኖቹ ገመድ አልባ ስልኮች የሚጠቀሙበት ሞገድ እዚህ የሞባይል 3ጂ ከሚሰራበት ጋር ይጋጫል። ይዛችሁ መምጣት ያለባችሁ የድሮ ስልክ ቁጥራችሁን ነው። ባንኩ ኮድ የሚልከው እዚያ ላይ ነውና፣ ቁጥሩን ወደ ርካሽ ፓኬጅ አውርዱት እንጂ አትዝጉት። በዋይፋይ መደወያ ካለው ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ሆናችሁ አስጀምሩት።

ጉዳዩ አሁን ፖሊስ ጋ ነው። የድምፅ መልእክቶቹና የቴሌብር ማስረጃዎቹ ታትመው ገብተዋል። ተማሪዎቹም ለመመስከር ተስማምተዋል። ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሌላ ኦፕሬተር ራሱ ከበደላችሁ ግን መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ለድርጅቱ ቅሬታ አስመዝግባችሁ የቅሬታውን ቁጥር ያዙ፣ መልሱ ካላረካችሁ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ትወስዱታላችሁ። በሌላ ሰው ስም ባለ መስመር ላይ ግን ቅሬታ የማቅረብ መብት ያለው ባለስሙ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

የሰውየው ሱቅ ተዘግቷል። እሱ ግን አልተወም፤ ቴሌግራም ላይ «የቤት ኢንተርኔት በ24 ሰዓት፣ ጅማና አካባቢዋ» እያለ ያስተዋውቃል። ቁጥሩን ሲቀያይር ስለሚውል በቁጥር አትለዩትም። የምትለዩት በሁለት ነገር ነው፦ ደረሰኝ ስትጠይቁት ይስቃል፣ አብረን ቴሌ እንሂድ ስትሉት ደግሞ ሁሌም መንገድ ላይ ነው።