አኳጆገር ቀበቶ፦ እግሩ የተጎዳ ትራያትሌት የሩጫ አቅሙን እንዳያጣ

የቅልጥም ወይም የውስጥ እግር አጥንት ከልምምድ ብዛት ሲሰነጠቅ ሐኪም መጀመሪያ የሚከለክለው ሩጫን ነው። ትራያትሌት ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን አጣምሮ የሚወዳደር ስፖርተኛ ነውና መዋኘቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል፤ ብስክሌቱም እንደ ጉዳቱ ዓይነት ሊፈቀድ ይችላል። በዚያ የእረፍት ጊዜ በጣም የሚጎዳው እንግዲህ የሩጫው አቅም ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚሸጡት ዕቃዎች ውስጥ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው ጥልቅ ውኃ ውስጥ መሮጫ ቀበቶ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ቀበቶውን ታጥቆ ይንሳፈፋል እንጂ አይሮጥም።

አኳጆገር የአሜሪካ ዕቃ ነው፤ እዚህ የምናየው ክላሲክ የሚባለውን ሞዴል ነው። ውኃ በማይጠጣ ኢቫ በሚባል ጠንካራ ስፖንጅ ተሠርቷል። ጀርባው ላይ ሰፊ ነው፣ ፊት ለፊት በላስቲክ ማሰሪያና በፕላስቲክ ዘለበት ይያያዛል። ዋጋው ከአንድ ደህና መሮጫ ጫማ ያንሳል። በእንዲህ ዓይነት ቀበቶ ላይ ቀድሞ የሚያረጀው ላስቲኩ ነው፤ ክሎሪንና ፀሐይ ይበሉታል። ከገንዳ ሲወጡ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ጥላ ውስጥ ማስጣት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በእነዚህ ቀበቶዎች ላይ የሚሰማው ዋና ቅሬታ «ሽቅብ እየወጣ ብብት ሥር ይገባል» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአስተሳሰሩ ነው። ደረቅ ላይ ጥብቅ ያለ ላስቲክ ሲርስ ይላላል። ስለዚህ ገንዳው ዳር ላይ በልኩ አስረው ይግቡና፣ ውኃው ውስጥ ትንፋሽዎን አስወጥተው እንደገና ይሳቡት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላም አንዴ ይድገሙት። ወገቡ ቀጭን የሆነ ሰው ከመግዛቱ በፊት ቢለካው ይሻላል፤ የስፖንጁ ጫፎች ሆድ ላይ ከተገናኙ የቱንም ያህል ቢስቡት አይጠብቅም።

አሁን ወደ አሯሯጡ። ስፖንጩ ጀርባ ላይ ስለሚበዛ ሰውነትን ወደ ፊት ይገፋል፤ ሯጩም ሳያስበው ጎንበስ ብሎ በእጁ መቅዘፍ ይጀምራል። ደረት ቀና፣ ጆሮ በትከሻ ላይ፣ ትከሻ በዳሌ ላይ ይሁን፤ ወደ ፊት የሚደረገው ዘንበል ማለት እምብዛም የማይታይ ነው። ጉልበት ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ እግር ቁልቁል ይወርድና ከዳሌ ኋላ እስኪያልፍ ድረስ ውኃውን ይገፋል። ጉልበቱ ከፊት ብቻ ከተሽከረከረ ብስክሌት እየነዱ ነው። እጅ ልል ብሎ ይጨበጥ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ይሁን፤ የተዘረጋ መዳፍ ውኃ ይቀዝፋልና እግሩ ሥራ ይፈታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ገንዳውን ቶሎ ቶሎ የሚያቋርጡ ከሆነ እየዋኙ ነው። በትክክል የሚሮጥ ሰው ወደ ፊት የሚሄደው በጣም በዝግታ ነው።

በሰዓት ላይ የሚታየው የልብ ምት ግራ ያጋባል። ውኃው ከውጭ ስለሚጫን ደም ወደ ልብ በቀላሉ ይመለሳል፣ ልብም በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፤ ስለዚህ በዚያው ድካም ምቱ ከየብሱ ከ10 እስከ 15 ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። የየብሱን ቁጥር ለማግኘት መታገል ከልክ በላይ ያደክማል። ድካምን ከ10 መመዘን ይበጃል፦ ለረጅሙ ልምምድ 5 ወይም 6፣ ለኢንተርቫሉ (በአጭር እረፍት እየተቆራረጠ ለሚሠራው ጠንካራ ልምምድ) 8።

በሳምንት 3 ጊዜ ይበቃል። አንዱ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ በተመሳሳይ ጉልበት የሚሮጥ ነው። ሁለቱ ኢንተርቫል ይሁኑ፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ 10 ጊዜ 2 ደቂቃ በ30 ሰከንድ እረፍት፤ ሌላው ቀን 6 ጊዜ 4 ደቂቃ በ1 ደቂቃ እረፍት። ውኃ ውስጥ ልብ ቶሎ ስለሚረጋጋ እረፍቱ ከዚህ ከረዘመ ልምምዱ ይበርዳል። በደንብ በሠለጠኑ ሯጮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲህ በመሥራት አቅም ሊጠበቅ እንደሚችል አሳይተዋል። በሚዋኙበት ቀን ጭን መካከል የሚያዝ ስፖንጅ ይጠቀሙ፤ ግድግዳውን በተጎዳው እግር አይግፉ። ብስክሌት ከተፈቀደ ደግሞ ጫማ የሚቆልፈው ፔዳል ይቅር፣ ሲፈታ ተረከዝ ወደ ውጭ ስለሚጠመዘዝ የተሰነጠቀውን አጥንት ያስቆጣል።

ገንዳው እግር መሬት የማይነካበት መሆን አለበት፤ ለአብዛኛው ሰው 2 ሜትር ይበቃል። የውኃው ሙቀትም ይታይ። አዲስ አበባ ያለው የሂልተን ገንዳ ውኃው ከፍል ውኃ የሚመጣ ነው፤ ለማፍታታት ግሩም ነው፣ ለጠንካራ ኢንተርቫል ግን ሞቅ ያለ ውኃ ቶሎ ያዝላል። በማንኛውም ሞቅ ያለ ገንዳ ዙሩን መቀነስና ዳር ላይ የሚጠጣ ውኃ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ቀበቶው ለሁሉም ጉዳት አይሆንም። የጭን አጥንት አንገት ከተሰነጠቀ፣ ጉልበት ማንሣቱ ራሱ ዳሌውን ስለሚስብ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞከርም። ያልዳነ የቀዶ ሕክምና ቁስል ያለበትም ገንዳ አይግባ። ውኃው ልብንና ሳንባን ይጠብቃል እንጂ አጥንትን፣ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ለአስፋልት አያዘጋጅም። ብዙዎች ዳግም የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ ትንፋሻቸው ዝግጁ ስለሆነ ከአጥንታቸው ይቀድማሉ።

ሐኪም ሩጫ ሲፈቅድ፣ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ ይቻል። ቀጥሎ ከ3ቱ የገንዳ ቀናት አንዱን ብቻ በ1 ደቂቃ ሶምሶማና በ4 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ዙር አድርገው ይተኩ። በማግሥቱ ጠዋት ቦታው በጣት ሲጫኑት ካመመ ሶምሶማው ይቆማል፣ ልምምዱ ወደ ገንዳው ይመለሳል፣ ሐኪሙም ይነገረዋል።