ባህር ዳር ያላችሁ ባለመኪኖች፦ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ጎሚስታ አማክሩ

ሰላም ናችሁ የባህር ዳር ልጆች። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀመረ፣ እኔም አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን ስላለብኝ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ። ዓባይን ሳትሻገሩ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሰሩ አንድ ጎሚስታ አሉ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ልጽፍ ብላቸው "ተይው ልጄ፣ እኔን የፈለገ ጎማው ሲተነፍስ ያገኘኛል" ብለው ከለከሉኝ፣ ስለዚህ አልጽፍም፣ ቦታውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ቤቴ ባህር ዳር ስራዬ ወረታ ነው፣ የምነዳው ትንሿን ቶዮታ ቪትዝ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ በዘንዘልማ አድርጎ ሐሙሲት፣ ከዛ ጉማራን አልፎ ወረታ። በጋ ላይ ምንም አይልም። ክረምት ላይ ግን የፎገራ ጥቁር አፈር ከሩዝ ማሳው በከብት እግርና በትራክተር ጎማ እየወጣ አስፓልቱ ላይ ይለጠፋል፣ ካፊያ ሲነካው መኪና ቀርቶ ሰውም አያቆምም። ድልድዩ ላይ ደሞ 380 ሜትር ሰፊና ለጥ ያለ ነገር ሲያገኝ ሁሉም ሰው ነዳጅ ይረግጣል፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ ማንም አያይም።

እና መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የፈለኩት ቀላል ነገር ነበር፣ ሁለት አዲስ ጎማ ፊት ላይ ይታሰርልኝ አልኩ፣ በቃ። ሌላ ቦታ ቢሆን "እሺ" ብለው ያስሩና ሂሳብ ይቀበላሉ። ጋሼ ግን አልነኩትም። መጀመሪያ ጠየቁኝ፣ የት ነው የምትነጂው፣ ስንት ሰው ትጭኛለሽ፣ ማታ ነው ጠዋት የምትመለሺው፣ ገጠር ትገቢያለሽ ወይ ምናምን። ከዛ ከኪሳቸው የክብሪት እንጨት አወጡና የጎማው ጥርስ መሀል እየከተቱ፣ በጥፍራቸው ምልክት እያደረጉ፣ ማስመሪያ ላይ እያስጠጉ አራቱንም ጎማ ለኩ፣ ያውም ባንድ ቦታ ሳይሆን በውስጥ፣ በመሀልና በውጭ በኩል። መሪውን እስከመጨረሻው አጠመዘዙና "ነይ ጎንበስ በይ፣ በእጅሽ ንኪው" አሉኝ። ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ጠርዙ ተልጦ ሽቦው ሊወጣ ደርሷል! ቆሞ ለሚያይ ሰው እኮ ጭራሽ አይታይም።

"ይሄ የጎማ ችግር አይደለም፣ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) ወጥቷል፣ ቴስቲናውም (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ላልቷል። አሁን አዲስ ባስርልሽ ያንኑ ጠርዙን በልቶት ክረምቱ ሳያልቅ ትመጫለሽ፣ መጀመሪያ እሱን አሰርተሽ ነይ" ብለው መለሱኝ። እሳቸው አላይመንት አይሰሩም፣ ማሽኑም የላቸውም። የዛን ቀን ሁለት ጎማ መሸጥ ይችሉ ነበር፣ አልሸጡልኝም። እንግዲህ እኔ በዚህ ዘመን እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ብዙ አላጋጠመኝም።

አሰርቼ ተመለስኩ። አሁን ደሞ ሌላ ጣጣ መጣ፣ አዲሶቹ ፊት ይታሰሩ ወይስ ኋላ። ወንድሜ የረጅም ጊዜ ሹፌር ነው፣ "መኪናዋ የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው፣ መሪውም ፍሬኑም ፊት ነው፣ አዲሱ ፊት ነው የሚታሰረው" ብሎ ነው የላከኝ፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው የሚያውቀውም ይሄንን ነው። ጋሼ "ኋላ" አሉ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ አገናኘኋቸውና ጎማ ሊያስነፉ የመጡት ሰዎች ሁሉ ዳኛ ሆነው ቁጭ አሉ 😂 

የጋሼ ክርክር እንዲህ ነበር፦ "ፊቱ ከተንሸራተተ መኪናው መሪውን እምቢ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያኔ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ክብደት ወደፊት ይመጣል፣ ጎማው መልሶ ይይዛል፣ ማንም ሰው በደመነፍሱ የሚያደርገው እሱን ነው። ኋላው ቀድሞ ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ ኩርባ ላይ ደንግጠሽ እግርሽን ብታነሺ ወይ ፍሬን ብትረግጪ ኋላው ጭራሽ ይቀልና ይብሳል፣ እሱን የሚመልሰው የሰለጠነ ሹፌር ነው፣ ያውም ከቻለ።" ወንድሜ ትንሽ ዝም አለና "ጋሼ እኔ ግን እመልሰዋለሁ" አለ፣ እሳቸውም "አንተ ትመልሳለህ፣ የምትነዳው ግን እሷ ናት" አሉት፣ ክርክሩ እዛ ላይ አለቀ። አዲሶቹ ኋላ ታሰሩ፣ ደህና ጥርስ የነበራቸው የድሮ የኋላ ጎማዎች ወደ ፊት መጡ።

ስለ ጥርስ የነገሩኝን ሁሉም ሰው ቢሰማው ደስ ይለኛል። እኔ የጎማ ጥርስ መንገዱን የሚጨብጥ ይመስለኝ ነበር፣ እሳቸው እንዳስረዱኝ ደረቅ አስፓልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማም ይጨብጣል፣ ለዛ ነው በጋውን ሙሉ ማንም ችግሩ ሳይታወቀው የሚነዳው። የጥርሱ ዋና ስራ ውሀውን ከስር ማስወጣት ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ነው፣ መኪናው በሙሉ የቆመው አራት መዳፍ ላይ ነው ማለት ነው፣ እና ጥርሱ አልቆ ውሀው መውጫ ካጣ ያቺ መዳፍ መንገዱን ትታ ውሀው ላይ ትንሳፈፋለች። ያኔ መሪው ድንገት ቅልል ይላችኋል፣ ብታዞሩትም የሚሰማ የለም። ይሄ ሲሆን ደንግጦ ፍሬን አለመርገጥ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ከተማችን ደሞ ሜዳ ናት፣ ዝናብ ሲጥል ውሀው የሚሄድበት አጥቶ አስፓልቱ ላይ ይተኛል፣ በተለይ በቀኙ ዳር።

አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጥርሱ መሀል ጉድጓዱ ውስጥ ብታዩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ነው፣ ጥርሱ ከነሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ሞቷል ማለት ነው። ጋሼ ግን "እሱ የበጋ ልክ ነው፣ ክረምት ላይ 3 ሚሊ ሲደርስ ማሰብ ጀምሪ" ነው የሚሉት። አበላሉም ራሱ ይናገራል፣ ሁለቱም ትከሻው ከተበላ ነፋስ አንሶት ሲነዳ ከርሟል፣ መሀሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል፣ ባንድ ወገን ከሆነ እንደኔ አላይመንት ነው፣ ቦታ ቦታ እየዘለለ ጎድጎድ ካለ ደሞ አሞርዛተሩ (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደው) ሄዷል። ጥርሱ ያለቀን ጎማ በጋለ ብረት አስቀርጾ ጥርስ ማስወጣት የሚባለውን ነገር ስጠይቃቸው ተቆጡ፣ የቤት መኪና ጎማ ለመቀረጽ የሚሆን ትርፍ ላስቲክ የለውም፣ ቀራጩ ከስር ያለውን ሽቦና ክር ነው የሚያቆስለው አሉ።

አሁን ደሞ በጣም የገረመኝ ነገር። እሳቸው ጋ ከመሄዴ በፊት አንድ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ጎማ ሲያሳዩኝ "ይሄው 18 ይላል፣ የዘንድሮ ምርት ነው" ተብዬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ለጋሼ ሳሳያቸው ሳቁ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ነው የሚናገሩት፣ 1418 ካለ በ2018 14ኛው ሳምንት ላይ ተመረተ ማለት ነው፣ ግን በፈረንጅ ነው እንጂ በኛ አይደለም! በኛ አቆጣጠር 2010 መጋቢት መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው። ዘንድሮ 2018 ስለሆነ ነገሩ በደንብ ያሳስታል፣ ስምንት ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ አዲስ ተብሎ ሊሸጥላችሁ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ላስቲክ እያረጀ ሲሄድ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ደሞ እርጥብ አስፓልት ላይ አይይዝም። በጥፍራችሁ ተጫኑት፣ ጎኑን ደሞ ለጠጥ አድርጋችሁ እዩት፣ ስንጥቅጥቅ ካለ ተዉት።

ሌላው ከጃፓን ከመጣ መኪና ጋር አብሮ የሚመጣው ጎማ ነው። አንዳንዱ የበረዶ ጎማ ነው፣ ስተድለስ የሚሉት፣ ጥርሱ ላይ እንደ ምላጭ የሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች የበዙበት። ለስላሳ ስለሆነ ሰው ጥሩ ጎማ ይመስለዋል። የተሰራው ግን ለቅዝቃዜ ነው፣ በኛ ሙቀት ቶሎ ይበላል፣ በሞቀ እርጥብ አስፓልት ላይ ደሞ ፍሬን ሲያዝ ይልፈሰፈሳል፣ ማቆሚያ ርቀቱ ይረዝማል። ባለፒክአፖች ደሞ በተቃራኒው ትልልቅ ጥርስ ያለውን የጭቃ ጎማ አስረው ከተማ ውስጥ ይንጎማለላሉ። ጋሼ እንደሚሉት እሱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ንጉስ ነው፣ ሰፊ ክፍተቱ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል፣ እርጥብ አስፓልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ አስፓልት ላይ ውሎ አልፎ አልፎ ገጠር ለሚገባ ሰው መካከለኛው፣ ኤቲ የሚባለው ይሻላል። ለኔ ቪትዝ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ የራሷ 165/70 አር 14፣ የመንገድ ጎማ፣ አለቀ። ወፍራም ጎማ ላሳስር ላላችሁ ደሞ፣ ሰፊ ጎማ ብዙ ውሀ ነው መግፋት ያለበት፣ ቶሎ ይንሳፈፋል።

ነፋስ ላይ ጠንካራ ናቸው። ጎማው ጎን ላይ 44 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል አይቶ "እስከዛ ሙላው" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም፣ የመኪናው በሹፌር በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የሚለካው ደሞ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። "ጭቃ ስለሆነ ነፋስ ላስቀንስ" ያላቸውን አንድ ሰው ሲመልሱት ሰምቻለሁ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረህ ለመውጣት ትቀንሳለህ፣ ወጥተህ አስፓልት ስትይዝ ወዲያው ትሞላለህ፣ ነፋስ ያነሰው ጎማ ውሀ ላይ በቶሎ ይንሳፈፋል፣ ኩርባ ላይም ጎኑ ይታጠፋል ብለው።

ከጭቃ ወደ አስፓልት ስትወጡ ደሞ ጥርሱ በጭቃ ስለተደፈነ ለተወሰነ መንገድ አዲሱም አሮጌውም ጎማ አንድ ነው፣ ጭቃውን እስኪተፋ ቀስ በሉ። እኔ ሐሙሲት አካባቢ ይሄን ነገር ሳላስብ አላልፍም አሁን። የመጀመሪያዎቹ የሰኔ ዝናቦችም እንደዛው ናቸው፣ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ ከካፊያው ጋር ሲላቆጥ፣ ከከባድ ዝናብ ይልቅ ያቺ ትንሽ ካፊያ ትብሳለች። ውስጥ ለውስጥ ያለው ኮብልስቶን ድንጋዩ እየተላገ ስለሄደ እሱም አይታመንም። ባጃጅ ያላችሁ ወንድሞቼ በተለይ፣ መሪው ያለው አንዲቷ የፊት ጎማ ላይ ነው፣ እሷ ከለቀቀች ሌላ መሪ የላችሁም፣ ያለቀውን ጎማ ፊት አታድርጉት። ጋሼ የባጃጅም ይሰራሉ።

ጉድለታቸውን ልንገራችሁ፣ ማስታወቂያ ብቻ እንዳይመስል። ባላንስ ማሽን (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን የሚያመጣጥነው) የላቸውም፣ ለሱ ሌላ ቦታ ነው የሚልኳችሁ። ይቆጣሉ፣ በተለይ ነፋስ ሳይለካ ለሚነዳ ሰው። ረዳታቸው ልጅ ጎበዝ ነው ግን ስልክ ያበዛል፣ የጎማውን ዳዶ (ብሎን) ሲያጠብቅ አጠገቡ ቁሙ፣ እሳቸውም ራሳቸው መጨረሻ ላይ እየዞሩ በእጅ ይሞክሩታል። ወሬያቸውም ብዙ ስለሆነ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ዋጋ ላይ ከሌላው የረከሱ አይደሉም፣ የጎማ ዋጋ ዘንድሮ ያው ታውቁታላችሁ፣ ግን ማያስፈልጋችሁን አይሸጡላችሁም።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደማይከፍቱ አውቃለሁ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ።

እሁድ ዝግ ነው። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ወረፋ አለ፣ ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ስትሄዱ ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) አውርዱና አሳዩዋቸው፣ የኔን ሳልጠይቃቸው ነው ከስር አውጥተው ያዩት፣ ነፋስ አልነበረውም፣ ሞልተው መለሱልኝ፣ ለሱ ሂሳብ ብላቸው እምቢ አሉ።