ክሮምን አስቀምጬ ፋየርፎክስን አምስት ወር ሠራሁበት

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሦስት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የፎቶኮፒ ማሽን። ድሮ እንጀራዬ ትየባ ነበር። አሁን አብዛኛው ሥራዬ ፎርም መሙላት ነው። ፓስፖርት፣ ዲቪ፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ማመልከቻ፤ ሁሉም ኦንላይን ሆኗል። ሰው ይገባና "እስቲ ጎግል ግቢልኝ" ይለኛል። "ክሮም" ብሎ በስሙ የጠራው ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ለብዙው ሰው ኢንተርኔት ማለት ያቺ ክብ፣ ባለ አራት ቀለም ምልክት ናት።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጠዋት ክሮምን እከፍታለሁ፣ ማታ ክሮምን ዘግቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ላለፉት አምስት ወራት ግን ፋየርፎክስን ዋና ብራውዘር (ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም) አድርጌ ሠርቻለሁ። ክሮምን እንተወው ወይስ አንተወው የሚለው ክርክር ስለማያልቅ፣ እኔም ያየሁትን ልጻፍ። እኔ ቤት ነገሩ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በየቀኑ የሰው ፓስወርድ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ደብዳቤ በእነዚህ ማሽኖች ያልፋል።

የጀመረው በአንድ ክፉ ቀን ነው። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አንድ አባት ከሰቃ መጡ። ለልጃቸው የትምህርት ማስረጃ የሚያስፈልግ ፎርም አውርጄ ፕሪንት እንዳደርግላቸው ነበር። ፎርሙን ያገኘነው የሆነ ሰው ኮፒ አድርጎ የለጠፈበት ገጽ ላይ ነው። ገጹ ሲከፈት "ዳውንሎድ" የሚሉ አራት ቁልፎች አሉት። ሦስቱ ማስታወቂያ ናቸው። እውነተኛው ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ተደብቋል። አብራኝ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ትልቁን፣ አረንጓዴውን ነካችው። የወረደው ፋይል የፎርሙን ስም ይዟል። ሲከፈት ግን ፎርም አይደለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሽኑ በራሱ የቁማር ማስታወቂያ ይከፍት ጀመር። አንዱን ስንዘጋው ሁለት ይመጣል።

አባባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በር በሩን ያያሉ። የልጃቸውን ሰርተፊኬት ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። "ልጄ፣ መኪናው ይሄድብኛል" አሉኝ። በመጨረሻ ፎርሙን በስልኬ ፈልጌ አወረድኩላቸው። ብር አልተቀበልኳቸውም። ማሽኑ ፎርማት እስኪደረግ ሁለት ቀን ቆመ።

ፎርማት ያደረገልኝ የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የቂጦ ፉርዲሳ ጊቢ ተማሪ ነው። ሥራውን ሲጨርስ "ማስታወቂያ ማገጃ ሳትጭኚ እንዴት የሰው ማሽን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። ልክ ነው። ማገጃ ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሦስት የውሸት ቁልፎች ባልታዩ ነበር። ከማገጃዎቹ ሁሉ የታወቀው ዩብሎክ ኦሪጂን ነው፤ ነፃ ነው። ክሮም ላይ ልጭነው ስል ግን ሙሉው የለም። ያለው "ላይት" የሚባለው፣ አቅሙ የተቀነሰው ነው።

ምክንያቱን ሳነብ አንድ ሌሊት አደርኩ። የክሮም ባለቤት ጎግል የኤክስቴንሽን (እንደ ማገጃው ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ሕጉን ቀይሮታል። አዲሱ ሕግ ማኒፌስት ቪ 3 ይባላል። ድሮ ማገጃው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነበር። የሚገባውን ሁሉ ራሱ እየፈተሸ፣ ይሄ ይግባ ይሄ ይመለስ ይላል። አሁን ዘበኛው ከበሩ ተነሥቷል። የማይፈልጋቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ጽፎ ለክሮም ይሰጣል፤ ፍተሻውን የሚያካሂደው ክሮም ራሱ ነው። ዝርዝሩም ገደብ አለው። የድሮዎቹ ኤክስቴንሽኖች በ2024 እና በ2025 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ቀስ በቀስ ከክሮም ላይ እንዲጠፉ ተደረገ። ጎግል ለደኅንነትና ለፍጥነት ነው ይላል። ከፊሉ እውነት ነው፣ የሰው መረጃ የሚሰርቁ ኤክስቴንሽኖች ነበሩ። ግን የጎግል ዋናው ገቢ ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ ነጋዴ የማስታወቂያ ማገጃውን ሕግ ሲያወጣ እኔ ዝም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

እሺ፣ ክሮም ይቅር ብንል ወዴት ይኬዳል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "እኔ ክሮም አልጠቀምም፣ ኤጅ ነው የምጠቀመው" ይላል። ሌላው ኦፔራ፣ ሌላው ብሬቭ ይላል። ሦስቱም ውስጣቸው ክሮሚየም ነው፤ ጎግል በዋናነት የሚያሠራው፣ ገጹን ከውስጥ ሆኖ የሚከፍተው ሞተር ማለት ነው። ኦፔራ የራሱን ሞተር በ2013 ተወው። ማይክሮሶፍትም ኤጅን በ2020 ወደ ክሮሚየም አዞረው። ባጃጅ ቀለም ብትቀባ፣ ወንበሩን በአዲስ ቆዳ ብታለብስ ሞተሩ ያው ነው። ቀለሙ ዋጋ የለውም አልልም። ብሬቭ ለምሳሌ ማገጃው አብሮት ስለሚመጣ ምንም ሳትጭኑ ይሠራል፣ ጎበዝ ነው። ግን ዓለም ሁሉ በአንድ ሞተር ከሄደ መንገዱን የሚሠሩት ለዚያ ሞተር ብቻ ነው።

ይህ ከዚህ በፊት ደርሷል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ሰው ዘጠናው የሚጠቀምበት ብራውዘር ነበር። ተወዳዳሪ ሲጠፋ ማይክሮሶፍት ተኛ። ስድስተኛው ስሪት በ2001 ወጣ፤ ሰባተኛው የመጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት! ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው በ2004 የወጣው ፋየርፎክስ ነበር። ክሮም ራሱ በ2008 ሲወለድ ያ በር ተከፍቶለት ነው የገባው። ስለዚህ ፋየርፎክስ ከጠፋ የሚጠፋው አንድ ምልክት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከክሮሚየም ውጭ የቀሩት ትልልቅ ሞተሮች የፋየርፎክሱ ጌኮ እና የአፕሉ ዌብኪት ናቸው። ሳፋሪ ደግሞ አፕል ለሌለው ሰው አይሆንም። ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ አንድም አፕል የለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ፋየርፎክስ ላይ በጣም የወደድኩት ኮንቴይነር የሚባለውን ነገር ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ራሱ የሠራው "መልቲ አካውንት ኮንቴይነር" የሚባል ኤክስቴንሽን አለ። እያንዳንዱ ታብ ቀለም ይይዛል፣ ቀለሞቹም አይተዋወቁም። ባለፈው ባልና ሚስት አብረው መጡ። ሁለቱም ለአንድ ቦታ ያመለክታሉ፣ ሁለቱም የየራሳቸው አካውንት አላቸው። ድሮ ቢሆን የሱን ጨርሼ፣ ሎግ አውት አድርጌ፣ የሷን እጀምር ነበር። መሀል ላይ ኔትወርክ ከሄደ ከመጀመሪያው መድገም ነው። አሁን የሱን በሰማያዊ፣ የሷን በብርቱካናማ ከፈትኩ። አንድ መስኮት፣ ጎን ለጎን። ሚስትየው ከኋላዬ ቆማ "የኔ ብርቱካኑ ነው አይደል?" እያለች ተከታተለች። አንድም ነገር ሳይምታታ ሁለቱንም አስገባሁ።

ሌላው የተረሳ አካውንት ነው። ይህ ጥፋት የራሴ ነበር። አንድ ተማሪ ኢሜይሉን ከፍቶ ሄደ፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ደንበኛ የሱን ደብዳቤዎች ሁሉ አየ። ልጁን መንገድ ላይ ሳገኘው አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ፋየርፎክስ በተዘጋ ቁጥር ኩኪውንም (ዌብሳይቶች እኛን ለማስታወስ ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል) ታሪኩንም እንዲያጠፋ አድርጌዋለሁ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክሮምም ሲዘጋ ኩኪ የሚያጠፋ ማስተካከያ አለው። ልዩነቱ ምንም ሳትነኩት በሚሠራው ላይ ነው። ፋየርፎክስ ከ2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ዌብሳይት ኩኪ ለየብቻው ይቆልፍበታል፣ አንዱ ገጽ የሌላውን ተከትሎ እንዳያይ። ጎግል በ2020 እነዚህን ከገጽ ገጽ የሚከታተሉ ኩኪዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አስቀራለሁ ብሎ ቃል ገባ። በ2024 ሐሳቡን ቀየረ።

ስለ "ኢንኮግኒቶ"ም አንድ ነገር ልበል፣ ደንበኞቼ ስለሚያምኑት። ታሪክ የማይመዘግበው የክሮም ጥቁር መስኮት ከሚቀጥለው ደንበኛ ይደብቃችኋል እንጂ ከዌብሳይቶቹ አይደብቃችሁም። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ተከሶ ጎግል በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ የመረጃ መዝገቦችን ለመደምሰስ ተስማምቷል። የፋየርፎክስም የግል መስኮት ቢሆን ተአምር አይደለም፣ እዚያም ተጠንቀቁ።

ጉድለቱን ካልጻፍኩ ግምገማ አይባልም። ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ማኅደር) ላይ ብዙ ጠብቄ ነበር። ማሽኖቼ አራት ጊጋ ናቸው፣ ፋየርፎክስም ታብ ሲበዛበት ይንቀረፈፋል። ማስታወቂያው ስለታገደ ገጾቹ ቶሎ ይከፈታሉ እንጂ ብራውዘሩ ራሱ ላባ አይደለም። አንድ የመሥሪያ ቤት ፎርም ደግሞ ፋየርፎክስ ላይ "አስገባ" የሚለው ቁልፍ ጭራሽ አይሠራም። ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስቱንም አጣሁት። ክሮም ላይ በአንዴ ሄደ። ፎርሙን የሠራው ሰው ክሮም ላይ ብቻ ሞክሮ እንደተወው ግልጽ ነው።

ትርጉም ላይ ክሮም ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። የጎግል ትርጉም አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ጨምሯል፣ ክሮም ውስጥም ተገጥሞ ይመጣል። ጅማ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ ገጽ ከፍቼ እናቶች በሚገባቸው ቋንቋ አሳያቸዋለሁ። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ ግን ነገሩ ስለምን እንደሆነ ይገባቸዋል። የፋየርፎክሱን ስሞክር አማርኛም አፋን ኦሮሞም አላገኘሁበትም። በዚህ ከልቤ አዝኛለሁ።

ስለ ሞዚላም ዓይኔን ጨፍኜ አልመሰክርም። ገቢው በአብዛኛው የሚመጣው ከጎግል ነው፤ ጎግልን ዋና መፈለጊያ ስላደረገ የሚከፈለው ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ "መረጃችሁን ፈጽሞ አንሸጥም" የሚለውን ቃሉን ከገጹ ላይ አንስቶ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጣ። "ሽያጭ" የሚለው ቃል የሕግ ትርጉሙ በየአገሩ ስለሚሰፋ ነው ብሎ አብራራ። ማብራሪያውን ተቀብዬ፣ ግን ዓይኔን ሳልነቅል እየተጠቀምኩ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2024 ጎግል በመፈለጊያው ገበያ ሕገወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ብሎ ፈርዷል። ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ግን ዳኛው በ2025 አልተቀበሉትም። ስለዚህ የሚመጣልን ለውጥ ካለ ከእኛው ምርጫ ነው።

አሮጌ ማሽን ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም በ2023 መጀመሪያ ቁጥር 109 ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ጥገና የለውም። ፋየርፎክስ ግን 115 በሚባለው ስሪት ለእነዚያ ማሽኖች ከዚያ በኋላም ጥገና ሲልክ ቆይቷል። ከተማችን ውስጥ ዊንዶውስ 7 ያላቸው ጽሕፈት ቤቶች ስንት እንደሆኑ ባለሙያዎቹ ታውቃላችሁ። ዊንዶውሱን መቀየር ይሻላል፤ እስከዚያው ግን በቆመ ክሮም የሰው ፓስወርድ አትጻፉ።

ስልክ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ግን ሙሉውን ዩብሎክ ኦሪጂን ይቀበላል። በፓኬጅ ለሚኖር ሰው የታገደ ማስታወቂያ የተረፈ ዳታ ነው። "ኦፔራ ሚኒ ዳታ ይቆጥባል" የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው፣ ለዜና ማንበቢያ እኔም እወደዋለሁ። ግን በጣም በሚቆጥብበት ሁነታ ገጹ በኦፔራ ሰርቨር በኩል ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ ፓስወርድ ለሚጻፍበት ነገር አልመርጠውም።

እኔ ዘንድ ውሳኔው እንዲህ ሆኗል። ሦስቱ ዴስክቶፖች ላይ የሚከፈተው ፋየርፎክስ ነው፣ ዩብሎክ ተጭኖበት። ክሮም ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል፣ ለትርጉምና ለዚያ እምቢተኛ ፎርም። ፈጽሞ አጥፉት አልልም፣ እኔም አላጠፋሁትም። መጀመሪያ የሚከፈተው ግን እሱ አይሁን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ያንኑ ባለ አራት ቁልፍ ገጽ ፈልጋ መጣች። የእህቴ ልጅ በፋየርፎክስ ከፈተችው። ገጹ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር፣ ያ ደቃቁ። ነካችው፣ ፎርሙ ወረደ፣ ፕሪንተሩ መጮህ ጀመረ። እኔ ደግሞ የሰቃው አባት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ታዩኝ።

ጅማ ያላችሁ ሰዎች፣ መጫኑ ከከበዳችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳን አይፈጅም። ለዚህ ብር አልቀበልም።