ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል በወሎ ዳገት፤ በክላሲክ ትራያል ደንብ ሲመዘን

«ቦክሰሬን አንድ አሞርዛተር ላስደርገው? ዲስክ ፍሬንስ ይግባለት?» ደሴም ሆነ ወልድያ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የማይጠፋ ጥያቄ ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ብርዎን ያስቀምጡ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ወደ ክላሲክ ትራያል ውድድር ደንብ ጎራ ማለት ይጠቅማል።

ትራያል ማን ቀደመ የሚባልበት ውድድር አይደለም። ድንጋይ፣ ጭቃና ቁልቁለት የበዛበትን አጭር መንገድ እግር ሳያወርዱ ማለፍ ነው። እግር አንዴ መሬት ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከሆነ 2፣ ከዚያ በላይ 3፣ ከወደቁ 5 ይመዘገባል፤ ጥቂት የያዘ ያሸንፋል። የድሮ ሞተር ሳይክሎች በሚወዳደሩበት በክላሲኩ ዘርፍ መንታ አሞርዛተር የሚባለው ምድብ ውስጥ ለመግባት ዝርዝሩ ከክለብ ክለብ ቢለያይም በብዛት ሦስት ነገር ይታያል፦ ሞተሩ በንፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ፍሬኑ የከበሮ፣ የኋላ አሞርዛተሩ ሁለት። የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያማሃ ቲዋይ 175 ሰተት ብሎ ይገባል። በአንድ አሞርዛተር የተሠራው በኋላ የመጣው ቲዋይ 250 ግን በንፋስ ቢቀዘቅዝም እዚህ ምድብ ውስጥ ቦታ የለውም። ሻንሲውን ቆርጦ ሁለት አሞርዛተር መበየድም መግቢያ አይሆንም፤ የሚጠየቀው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ነበር የሚለው ነው። በአንጻሩ መርገጫን ወደ ኋላ መሳብ፣ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስገባት፣ አሞርዛተሩን ሁለትነቱ እስካልተነካ ድረስ በተሻለ መቀየር በብዙ ቦታ ይፈቀዳል።

ቦክሰር ቢኤም 150ን እዚህ ሚዛን ላይ ስናወጣው ነገሩ ደስ ይላል። 144.8 ሲሲ፣ በንፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡራቶር ያለው፣ ከፊትም ከኋላም የከበሮ ፍሬን፣ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር። በዕድሜው ምክንያት ክላሲክ አይባልም፤ ሦስቱን ምልክት ግን ያሟላል። ቁም ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ደንቡ የሚከለክለው ለውጥ ወሎ ላይ ገንዘብ የሚበላው ለውጥ ሲሆን፣ ደንቡ የሚፈቅደው ደግሞ ዳገት ላይ የሚያግዘው ነው።

ከማርሹ እንጀምር፤ ዋናው ድክመቱ እሱ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበት እዚያው ያጣል። አራት ማርሽ ብቻ ስላለው አንደኛው ለኩታበር ዳገት ይረዝማል፤ ነጂው ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ይወጣል፣ ሸራው ይቃጠላል። መፍትሔው ፒኞን፣ ማለትም ካቴናውን የሚያዞረውን ከፊት ያለውን ትንሹን ባለጥርስ፣ መቀየር ነው። መጀመሪያ ጥርሱን ይቁጠሩ። 14 የነበረው ወደ 13 ሲወርድ የጎማው መጎተቻ ኃይል ወደ 8 በመቶ ይጨምራል። ከኋላ ያለውን ትልቁን ባለጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ከ42 ወደ 45 መውሰድ ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ነገር ግን ካቴናው ሊያጥር፣ ሽፋን ካለውም ጥርሱ ሽፋኑን ሊፍቅ ይችላል። ስለዚህ ከፒኞኑ ይጀመር። ዋጋው አስፋልት ላይ ይከፈላል፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል፣ ትንሽ ፒኞን ካቴናንም ቶሎ ይበላል።

ቀጥሎ ካርቡራቶሩ። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ሞተር ደሴ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ጥላሸት የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚለካውን ባለቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር አሳንሱ፤ የቡና ቀለም እስኪመጣ ከአንድ ቁጥር በላይ በአንዴ አትዝለሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለደሴ ብላችሁ ጂግለሩን ያሳነሳችሁለትን ሞተር ሰኞ ለባቲ ገበያ ጭነት አሳፍራችሁ ወደ ቆላ ብትወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስቶን ሊይዝ ይችላል። በየሳምንቱ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው ጂግለሩን ባይነካው ይሻለዋል፤ ትንሽ ጥቁር ጭስ ከተያዘ ፒስቶን ይረክሳል።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ብቻ። ፍሪሲዮኑ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚነከር ነው፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ይፈለግ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ በሸራው ይላከካል።

ጎማ ላይ ቦክሰር ከትራያል ሞተር ጋር አይወዳደርም፤ እውነቱን እንናገር። የትራያሉ የፊት ጎማ 21 ኢንች ነው፣ የኋላው ባለ 18 ኢንችና ወፍራም፤ ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ብቻ ተነፍቶ ድንጋዩን ያቅፋል። የቦክሰር 17 ኢንች ጎማ ጉልበት የሚያህል ድንጋይ ፊት ይቆማል እንጂ አይወጣውም። ንፋሱን ያን ያህል ማውረድም አይቻልም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ከነቫልቩ ይገነጥለዋል። ሰው ሳይጭኑ ለድንጋያማ መንገድ እስከ 20 ፒኤስአይ ማውረድ በቂ ነው። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቆ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው። ወደ ላይ ከቆቡ ጋር አገጣጥሙት፤ ጎማው ሲንሸራተት ቫልቩ ዘንበል ብሎ ይታያል፣ ሳይቀደድም ትደርሱለታላችሁ።

ክረምት ላይ ዋልካ ሌላ ጣጣ አለው። የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ጋር ስለተጠጋጋ ጭቃው መሃል ገብቶ ይደርቅና ጎማውን ያቆመዋል። መከላከያውን በሮንዴላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞርም አሞርዛተሩ እስከ ታች ሲጫንም ምንም እንዳይነካ ፈትሹ።

ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት ከ20 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ ገደላገደል ላይ ማርሚታውና የሞተሩ ሆድ ይመታሉ። ባለ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሻንሲው ላይ ይታሰር፤ ሞተሩ ላይ ከታሰረ ምቱ ወደ ሞተሩ ብሎኖች ይሄዳል። የዘይት ማፍሰሻው ፊት ለፊት ቀዳዳ ይተውለት፤ አለበለዚያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ላሜራው ይፈታል፣ ሁለት ጊዜ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ሰፊ መሪ ጥሩ ነው፣ ደንቡም አይቃወመውም። ችግሩ ገመድ ነው። ሞተሩ በቁሙ እየሠራ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። ድምፁ ከፍ ካለ የጋዙ ገመድ አጥሯል፤ ጠባብ ኩርባ ላይ ሞተሩ ራሱ ጋዝ ይሰጣል ማለት ነው። ረጅም ገመድ ሳይገኝ ሰፊ መሪ አይገባ።

ወደ አንዱ አሞርዛተርና ወደ ዲስክ ፍሬኑ እንመለስ። አንድ አሞርዛተር ለማስገባት ሻንሲው ይቆረጣል፣ ይበየዳል። ብየዳው አስፋልት ላይ ይይዛል፤ በሽሎን ተሻግሮ ጥሬ እህል ጭኖ ሲወጣ ግን የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ብየዳው ሻንሲ ቁጥሩ አጠገብ ከደረሰ ደግሞ ሰነዱም ይበላሻል። ዲስኩ ቢገባ የፊት አሞርዛተሩም፣ ቸርኬውም፣ መሪው ላይ የሚታሰረው የፍሬን ፓምፕም አብሮ ይቀየራል። ከበሮው ለቦክሰር ፍጥነት አያንስም፤ ጉዳቱ ሲግል መድከሙ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሦስተኛ ማርሽ ይያዝና ሞተሩ ያግተው፤ ፍሬኑ በየኩርባው አጭር አጭር ይነካ። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ጥቂት ሜትር ፍሬኑን በስሱ ነክቶ እየነዱ ሸራውን ማድረቅ ነው። የሸራውን ማለቅ የሚያሳየው ቀስት ከተፈቀደለት ምልክት ካለፈ ማጥበቅ አይፈይድም፤ ይቀየር።

የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ፒኞን፣ የሆድ ላሜራ፣ የጭቃ መከላከያ፣ ከተረፈ ሰፊ መሪ ከነገመዱ። የወለቀው ፒኞን አይጣል፤ ሞተሩ ሲሸጥ ገዢው አስፋልት ላይ የሚውል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።